ሰባት ቁጥር መንገድ

በፈረንሳይ «ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 7» ከፓሪስ ተነሥቶ የጣሊያን ድንበር ላይ እስካለችው ማንቶን ከተማ ድረስ 996 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አውራ ጎዳና ነበር። የአገሩ ሰው «ናስዮናል ሴት» ይለዋል። «ነበር» መባሉ አስፋልቱ ስለጠፋ አይደለም፤ መንገዱ ዛሬም በቦታው አለ፣ መኪናም ይመላለስበታል። ከአብዛኛው ርዝመቱ ላይ የተነሣው ብሔራዊነቱና ቁጥሩ ነው። መንግሥት ቁጥሩን ቢያነሣም በዳሩ የሚኖሩት ሰዎች አሁንም በድሮ ስሙ ይጠሩታል፤ የሸመገለ ፈረንሳዊ ደግሞ ይህን ስም ሲሰማ ባሕር፣ ፀሐይና የኦገስት ወር ዕረፍት ትዝ ይለዋል። ማንኛውም መንገድ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሰባት ቁጥር ግን በሰዎች ልብ ውስጥ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው። ወደ ደቡብ ይወርዳል።

መንገዱን አንድ መንግሥት በአንድ ዘመን አልሠራውም፤ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ እየተቀጣጠለ የመጣ ነው። ከሊዮን በታች በሮን ወንዝ ዳር የሚወርደው ክፍል ሮማውያን በአግሪጳ ስም የሠሩትን መንገድ ፈለግ ይከተላል። ከኤክስ-አን-ፕሮቫንስ እስከ ፍሬዡስ ያለው ደግሞ የጥንቱ የአውሬሊያ መንገድ መስመር ነው። ለሮማውያን የመንገድ ሁሉ ራስ ሮም ነበረች። የፈረንሳይ ነገሥታት ያንኑ መስመር ተቀብለው ራሱን ወደ ፓሪስ አዞሩት።

ከፓሪስ ሊዮን ለመድረስ ከጥንት ጀምሮ ሁለት አማራጭ ነበረ። አንደኛው በቡርጎኝ በኩል ይሄዳል፤ እሱ ኋላ ስድስት ቁጥር ሆነ። ሁለተኛው የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ በቡርቦኔ አገር ያልፋል፤ ሰባት ቁጥር የሆነው ይኸኛው ነው። ንጉሥ ሉዊ 11ኛ በ1464 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረስ የሚለወጥባቸውን የፖስታ ጣቢያዎች ካቋቋመ በኋላ በእነዚህ መንገዶች ላይ ጣቢያ በቆመበት ሁሉ አልቤርጎ ተከፈተ፣ ቀጥቃጭ ሰፈረ፣ ገበያ ቆመ። መንገደኛን መመገብና ማሳደር የኑሮ መሠረት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህ ሙያ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ በሰባት ቁጥር ዳር አልተቋረጠም።

ከፓሪስ ደቡባዊ በር ወጣ እንዳሉ ከቪልዡዊፍ እስከ ዡቪሲ የተዘረጋው ቀጥ ያለ ክፍል በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ሊረሳ የማይገባው ቦታ አለው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ዣን ፒካር የምድርን መጠን ለማወቅ ሲነሣ በትክክል ተለክቶ የሚታወቅ አንድ ቀጥተኛ መሠረት አስፈለገው። ያገኘው ይህን መንገድ ነበር። በ1670 ገደማ በእንጨት ዘንጎች እያጋጠመ፣ አንዱን ከሌላው እያስከተለ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ለካው። ከዚያ መሠረት ተነሥቶ በሦስት ማዕዘን ሥሌት ወደ ሰሜን እየቀጠለ የምድርን የአንድ ዲግሪ ርዝመት በዘመኑ ባልተለመደ ትክክለኛነት አገኘ። ዛሬ በዚያ ክፍል በመኪና ተጨናንቆ የሚሰለች ሰው የምድር ስፋት በተለካበት መስመር ላይ መቆሙን ቢያውቅ መልካም ነበር።

ጥርጊያውን ወደ ሥርዓት ያገባው ግን አሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ነው። በ1716 የድልድይና የመንገድ መሐንዲሶች ጓድ ተቋቋመ፤ በ1747 ትምህርት ቤታቸው ተከፈተ፤ ፔሮኔ የተባለው መሐንዲስም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ። መሐንዲሶቹ ካርታ አነሡ፣ መንገዱን አቀኑ፣ ግራና ቀኙን ዛፍ አስተከሉ። ድንጋዩን የተሸከመው ሌላ ነው። በ1738 የወጣው የፊሊበር ኦሪ መመሪያ በመንገድ አቅራቢያ የሚኖር ገበሬ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት ያለ ክፍያ እንዲሠራ አስገደደ። ገበሬው የራሱን አካፋ፣ የራሱን ጋሪና በሬ ይዞ ይወጣ ነበር። ቱርጎ የተባለው ሚኒስትር ይህን ግዴታ በ1776 ሊያስቀር ሞክሮ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ግዴታው ጨርሶ የተነሣው አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው በ1787 ነው። የፈረንሳይን መንገዶች ማማር ያደነቁ የዚያ ዘመን መንገደኞች ብዙ ናቸው፤ የተደነቀው ነገር የተሠራው በነፃ በተወሰደ ጉልበት መሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል።

ቁጥር የሰጠው ናፖሌዎን ነው። በዲሴምበር 1811 በወጣው አዋጅ የግዛቱ ዋና ዋና መንገዶች ከ1 እስከ 229 ተቆጠሩ፤ የመጀመሪያዎቹ 14 ከፓሪስ እንደ ጨረር ተነሥተው እስከ ድንበር የሚደርሱት ነበሩ። እሱ ሲወድቅ ግዛቱም ጠበበ፤ በ1824 ቁጥሩ እንደገና ተስተካክሎ የፓሪስ፣ የሊዮንና የአንቲብ መንገድ ሰባት ቁጥርን ያዘ። ከዚያ በኋላ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቅጽሉ እየተለወጠ አንድ ጊዜ ንጉሣዊ፣ አንድ ጊዜ ንጉሠ ነገሥታዊ፣ በመጨረሻም ብሔራዊ ሆነ። ሰባቱ አልተነካም።

በዚህ መንገድ ላይ ከተደረጉት ጉዞዎች ሁሉ እጅግ መራራው የራሱ የናፖሌዎን ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 1814 በፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ግቢ ዘበኞቹን ተሰናብቶ ወደ ኤልባ ደሴት ግዞት ተነሣ። ብሪያርን፣ ነቨርን፣ ሮዋንን አልፎ እስከ ሊዮን ድረስ አክባሪ አላጣም። ፕሮቫንስ ሲገባ ግን ልጆቹ በጦርነት ያለቁበት ሕዝብ ጠበቀው። ኦርጎን በምትባለው ትንሽ ከተማ ደም የተቀባ ምስሉን ሰቅለው ሠረገላውን ከበቡት። ያን ሁሉ ጦርነት ያለፈ ሰው እዚያ ለሕይወቱ ሰግቶ የመልእክተኛ ልብስ ለበሰ፤ ቀጥሎም የኦስትሪያ መኮንን መለዮ ተዋሰ። ኤፕሪል 28 ከፍሬዡስ ወደብ በመርከብ ተሳፈረ። በማርች 1815 ከግዞት አምልጦ ሲመለስ ይህን መንገድ ሆን ብሎ ትቶ በበረዷማው የአልፕስ ተራራ በኩል ወደ ግሬኖብል ወጣ። ዛሬ ቱሪስቶች የሚጎበኙት «የናፖሌዎን መንገድ» የተባለው ሌላ ጎዳና የተገኘው ከሰባት ቁጥር በመሸሹ ነው።

የባቡር ሐዲድ በ1864 ኒስ ሲደርስ ሠረገላው ቆመ፤ የፈረስ ጣቢያዎቹ ተዘጉ፤ በመንገዱ ላይ የአካባቢው ጋሪና መንጋ ብቻ ቀረ። የነቃው አውቶሞቢል ሲመጣ ነው። የሚሽለን ጎማ ኩባንያ በ1900 ለአሽከርካሪዎች መምሪያ መጽሐፍ ማተም ጀመረ፤ በየኪሎ ሜትሩ አናቱ ቀይ፣ አካሉ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ቆመ። ያ ቀይ አናት ድንጋይ ኋላ በፖስታ ካርድና በሱቅ ዕቃ ሁሉ ላይ የሚታተም የመንገዱ ማኅተም ሆኗል።

በመጀመሪያ መኪና የነበራቸው ባለጸጎች ናቸው፤ ክረምቱን ኒስና ካን ለማሳለፍ ይወርዱበት ነበር። ለሌላው ሕዝብ መንገዱን የከፈተው የሠራተኛ ሕግ እንጂ ምሕንድስና አይደለም። በጁን 1936 የሌዎን ብሉም መንግሥት ለሠራተኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት ሰጠ። በዚያ ዓመት ባሕር ለማየት የወጣው ሠራተኛ አብዛኛው በቅናሽ ቲኬት በባቡር፣ ሌላው በብስክሌት ነበር፤ መኪና ገና አልነበረውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሬኖ ኳትር ሼቮና ሲትሮየን ዱ ሼቮ የሚባሉት ትንንሽና ርካሽ መኪኖች ወጡ። በ1956 ዕረፍቱ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሕጉ ጊዜ ሰጠ፣ ፋብሪካው መኪና ሰጠ፤ መንገዱ ደግሞ ድሮውንም እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት ናቸው ሰባት ቁጥርን በአገር ትዝታ ውስጥ ያስቀመጡት። ትልልቅ ፋብሪካዎች በኦገስት ስለሚዘጉ የጁላይ የመጨረሻ ሌሊት ፓሪስ እንዳለች ትነሣለች። ፍራሽ፣ ድንኳንና ሻንጣ በመኪናው ጣሪያ ላይ በገመድ ይታሰራል፤ ሕፃናት ከነፒጃማቸው በኋላ ወንበር ይተኛሉ፤ እናት ካርታውን በጉልበቷ ዘርግታ የከተማ ስም ትቆጥራለች። ጉዞው ሁለት ቀን ይፈጃል። መንገዱ እያንዳንዱን ከተማ በመሐል ስለሚያቋርጥ እያንዳንዱ ከተማ ማነቆ ነበር። ዳገት ላይ ሞተር ይግላል፤ ኮፈን ተከፍቶ ራዲያተሩ እስኪበርድ ቤተሰቡ ከፕላታን ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ዳቦውን ይቆርሳል። ነዳጅ ማደያው፣ ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ ፍራፍሬ ሻጩ ከሁለት ወር ገቢው ዓመቱን ይኖራል። ዘፋኙ ሻርል ትረኔ በ1955 ለዚሁ መንገድ ዘፈን አወጣ፤ ዘፈኑ ዛሬም ድረስ የመንገዱ መዝሙር ነው።

ከነዚህ ከተሞች አንዷም እንደ ሞንቴሊማር ከመጨናነቁ አልተጠቀመችም። ከማር፣ ከስኳር፣ ከእንቁላል ነጭና ከአልሞንድ የሚሠራው ኑጋ የተባለ ጣፋጭ ድሮም የከተማዋ ሥራ ነበር፤ የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ኤሚል ሉቤ በ1899 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ስሙን ይዘውት ወደ ፓሪስ ወጡ። የሕዝብ ጣፋጭ ያደረገው ግን የመኪናው ሰልፍ ነው። መኪኖች በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲሳቡ ሻጮች በመስኮት ኑጋ ያቀብላሉ፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ያልገዛ ሲመለስ ለጎረቤት ይገዛል።

ይህ ትዝታ የሚደብቀው ሌላ ገጽ አለ። መንገዱ በብዙ ቦታ ባለ ሦስት መስመር ነበር፤ የመሐለኛው መስመር ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጣ ቀዳሚ የተተወ ነው። ሁለት አሽከርካሪዎች በአንድ ቅጽበት ለመቅደም ሲወጡ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ውብ ጥላ የሚሰጡት ዛፎች ደግሞ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ርቀው የቆሙ ግንቦች ነበሩ። በ1972 በመላው ፈረንሳይ መንገዶች ላይ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። የፍጥነት ገደብና የመቀመጫ ቀበቶ ግዴታ የመጡት ከዚያ ወዲህ በ1973 ነው። ስለ ሰባት ቁጥር በናፍቆት ብቻ መጻፍ በዳሩ ለቀሩት ሰዎች ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የመንገዱን ዘመን የዘጋው የክፍያ መንገድ ነው። ከ1960 ወዲህ ከሊዮን በታች በሮን ሸለቆ፣ በኤስቴሬል ተራራ ሥር፣ ከፓሪስ በታችም ቁርጥራጭ እየተከፈተ ሄደ፤ በኦክቶበር 1970 ፕሬዚዳንት ፖምፒዱ የመጨረሻውን ክፍል መርቀው ሲከፍቱ ከፓሪስ እስከ ማርሴይ በፈጣን መንገድ መንዳት ተቻለ። በቀጣዩ ዓመት በሊዮን የፉርቪየር ዋሻ ተከፈተ። የዕረፍት ተጓዡ ሰባት ቁጥርን በአንድ በጋ ውስጥ ጥሎ ሄደ ማለት ይቻላል። ለነፍሱ ደግ አደረገ፤ ለትንንሾቹ ከተሞች ግን ፍርዱ ከባድ ነበር። አልቤርጎዎች ተዘጉ፣ ማደያዎች ዛጉ፣ የሞንቴሊማር ኑጋ ሠሪዎች ከደንበኛቸው ተቆረጡ። ቀጥሎ ሕጉ መጣ። ከ1972 ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ብሔራዊ መንገድ «ዲፓርትማን» ለሚባሉት ክፍላተ ሀገር ተላለፈ፤ ሰባት ቁጥርን የነካው ሁለተኛው ማስተላለፍ በ2006 መጀመሪያ ላይ የተፈጸመው ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በፊናው ቁጥር ሰጠው፤ ለምሳሌ በሎዋሬ ዲ 2007፣ በኢዜር ዲ 1007፣ በአልፕ-ማሪቲም ዲ 6007 ሆነ። የቫር ክፍለ ሀገር «ዲኤን 7» ሲል ሰየመው፤ ለቱሪስት ሲባል የድሮውን ስም ለማትረፍ የተደረገ ነው። ብሔራዊነቱ ያልተነሣው በዋናነት በመሐል አገር በነቨር፣ በሙላንና በሮዋን በኩልና በድሮም ሸለቆ ነው። ጨርሶ የማይጠፋው ነገር በአራት ቁጥር መካከል የተደበቀው ሰባት ነው፤ የክፍላተ ሀገሩ ሹሞች እንኳን ሊጥሉት አልደፈሩም።

ዛሬ መንገዱን ከራሱ እስከ እግሩ የሚከተል ሰው ጉዞውን የሚጀምረው የፈረንሳይ መንገዶች ሁሉ ርቀት ከሚቆጠርበት ከኖትርዳም ካቴድራል ፊት ነው። በጣሊያን በር ወጥቶ የፒካርን መስመር ተከትሎ ኦርሊ አየር ማረፊያ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ በ1961 ከተመረቀው የደቡብ ተርሚናል ሕንፃ ሥር ይሾልካል፤ የድሮው መንገድ በአዲሱ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ማለት ነው። በፎንቴንብሎ ደን ጫፍ ሐውልት የቆመበት አደባባይ ላይ ስድስት ቁጥርና ሰባት ቁጥር ይለያያሉ፤ እስከ ሊዮን አይገናኙም።

ኔሙርና ሞንታርዢ ቶሎ የሚታለፉ ናቸው፤ ሞንታርዢ አልሞንድ በስኳር ቆልታ ትሸጣለች፤ በ1920ዎቹም ዴንግ ዢያዎፒንግን ጨምሮ ብዙ ቻይናውያን ወጣቶች በአካባቢዋ ሠርተው ተምረዋል። ብሪያር ላይ ግን መቆም ይገባል። በ1896 የተከፈተው 662 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ ጀልባ ነው የሚያሳልፈው፤ ከላይ የቦዩ ውኃ፣ ከታች ሎዋር ወንዝ ይፈሳል። በዚህችው ከተማ አጠገብ በጁን 1940 ቸርችልና የፈረንሳይ መሪዎች አገሪቱ በጀርመን እጅ ስትወድቅ ለመጨረሻ ጊዜ ከተማከሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይገኛል። በዚያ ሳምንት ከፓሪስ ወደ ደቡብ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ፣ ሰባት ቁጥርም ጭምር፣ ፍራሽ በመኪና ጣሪያ ባሰሩ ሰዎች ተጨናንቀው ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የታየው ዓይነት ሰልፍ ነው፤ ያኔ ግን ሰው የሚሸሸው ከአውሮፕላን ጥይት ነበር።

ከብሪያር እስከ ነቨር መንገዱ ሎዋርን ይከተላል፤ በነጭ ወይኗ የምትታወቀውን ፑዪንና የመካከለኛው ዘመን ገዳም ያላትን ላ ሻሪቴን ያያል። ከነቨር በታች የማኚ-ኩር የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አለ። ከሙላን ቀጥሎ የምትመጣው ላፓሊስ በትንሽነቷ የማትጠበቅ ሥራ ሠራች፦ በ2006 የከተማዋን መሐል የሚያስቀር መንገድ ሲከፈት ያረጁ መኪኖችን ሰብስባ የድሮውን መጨናነቅ በፈቃድ ደገመችው። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፤ ድሮ ሰው የሚራገምበትን ሰልፍ ዛሬ ከሩቅ አገር መጥቶ ይሰለፈዋል።

በሮዋን ሎዋርን ተሰናብቶ መንገዱ ወደ 760 ሜትር ከፍታ ላለው የፓን-ቡሻን በር ይወጣል፣ በታራር ወደ ሊዮን ይወርዳል። ከዚህ ጀምሮ የመንገዱ ማዕድ ይታወቃል። ሮዋን በወጥ ቤት ሙያ የታወቀው የትሯግሮ ቤተሰብ ከተማ ናት። ከሊዮን በታች ያለችው ቪየን፣ ከኦስትሪያዋ ቪየና ጋር አትምታታ፣ ፌርናን ፑዋን «ላ ፒራሚድ» የተባለ ምግብ ቤቱን ያቆመባት ናት፤ በ1933 ከሚሽለን ሦስት ኮከብ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ፣ ፖል ቦኪዩዝንና የትሯግሮ ወንድማማቾችንም አሠልጥኖ አወጣ። በቫላንስ የፒክ ቤተሰብ በ1936 በዚሁ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍቶ እስካሁን አለ። የፈረንሳይ ታላላቅ ወጥ ቤቶች በአንድ መንገድ ላይ መደርደራቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ ከፓሪስ የተነሣ ባለመኪና ምሳውና እራቱ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የፈረስ ጣቢያው ዘመን ሙያ በሌላ መልክ ቀጠለ ማለት ነው።

ሮን ሸለቆ ከሞንቴሊማር በታች ዶንዜር ላይ ሲጠብና ሲከፈት አየሩ ይለወጣል። የወይራ ዛፍ ይታያል፤ ሚስትራል የሚባለውን የሰሜን ነፋስ ለመከላከል የተተከለ የጥድ አጥር ይጀምራል። በኦገስት 1944 ከፕሮቫንስ ጠረፍ ያፈገፈገው የጀርመን 19ኛ ጦር በዚህ ሸለቆ ተጨናንቆ ወደ ሰሜን ሲወጣ አሜሪካኖች ሞንቴሊማር አጠገብ ከኮረብታ ላይ ስምንት ቀን ያህል ደበደቡት። ሰባት ቁጥር በተቃጠለ ካሚዮንና በሞተ ፈረስ ተዘጋ። ጥቂት ወረድ ብሎ ፒዮላንክ ውስጥ ለመንገዱ ትዝታ የተሠራ ሙዚየም ይገኛል። ኦራንዥ መግቢያ ላይ ደግሞ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በአግሪጳ መንገድ ላይ የቆመው የሮማውያን የድል ቅስት ዛሬም በሰባት ቁጥር መስመር ላይ ቆሟል፤ መኪና ዞሮት ያልፋል።

አቪኞንን፣ ናፖሌዎን የተዋረደባትን ኦርጎንንና ኤክስን ካለፉ በኋላ ሠዓሊው ሴዛን ሳይታክት የሳለው የሳንት-ቪክቷር ተራራ በግራ በኩል ይታያል። ሳን-ማክሲማን፣ ብሪኞልና ለ ሙዊ ቀይ አፈር ያላቸው የወይን አገሮች ናቸው። ከፍሬዡስ ቀጥሎ ያለው የኤስቴሬል ተራራ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መንገደኛ ኑዛዜውን ጽፎ የሚገባበት ነበር፤ በ1781 በኤክስ የተገደለው ሽፍታ ጋስፓር ደ ቤስ ያደፍጥ የነበረው እዚያ ነው።

ከተራራው እንደወረዱ ካን ናት። ካን የዓሣ አጥማጆች መንደር ሆና ያልቀረችው የድንበር መዘጋት ባመጣው ዕድል ነው። እስከ 1860 ድረስ ኒስ የሳርዲንያ መንግሥት ስለነበረች ፈረንሳይ በቫር ወንዝ ላይ ታበቃ ነበር። በ1834 የእንግሊዙ ሎርድ ብሩም ወደ ኒስ ሲሄድ በኮሌራ ምክንያት በቫር ድልድይ ላይ ተመለሰ፤ ካን አድሮ ወደዳት፣ ቤት ሠራባት፣ ባለጸጋ ወገኖቹም ተከተሉት። ኒስ ለፈረንሳይ ከተሰጠች በኋላ መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ ቀጠለ። ከኒስ እስከ ማንቶን የአልፕስ ተራራ በቀጥታ ወደ ባሕር ስለሚወድቅ መንገዱ በገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ድሮ ናፖሌዎን ባሠራው በላይኛው ኮርኒሽ፣ ኋላም በመካከለኛው። ባሕሩ ሙሉ በሙሉ የሚታየው እዚህ ነው፤ የሁለት ቀን ድካም የሚረሳውም እዚህ ነበር።

ማንቶን የሎሚ አገር ናት። በ1861 ፈረንሳይ ከሞናኮ ልዑል ማንቶንንና ጎረቤቷን ሮክብሩንን በ4 ሚሊዮን ፍራንክ ገዛች፤ ሰባት ቁጥርም የመጨረሻ ጫፉን አገኘ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዓለቱ ባሕሩን የሚነካበት ቦታ ላይ የድንበር ኬላ አለ። በጁን 2015 የፈረንሳይ ፖሊስ መተላለፊያውን ሲዘጋ፣ ብዙዎቹ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች በጣሊያን በኩል ባሉት የባሕር ዳር ድንጋዮች ላይ ሰፍረው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ቆዩ። ሰሃራንና ሜዲትራኒያንን የተሻገሩ ናቸው፤ ይህን መንገድ ወደ ሰሜን ሊወጡበት የፈለጉ ነበሩ። ከኬላው ማዶ ያው መስመር የጣሊያን ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 1 ሆኖ ይቀጥላል። ጣሊያኖች አሁንም አውሬሊያ ይሉታል፤ ኪሎ ሜትሩንም ከሮም ነው የሚቆጥሩት።